ውሃውን የሚያውቀው የሚቀዳው ነው

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ተማሪ፣ ስለ አንዲት ምንጭና ስለ አንድ የተጻፈ ቃል ነው። ተማሪዋ ለሥራ ልምምድ ወደ ገጠር የወጣች ናት። ምንጯ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቁስቋም ወዲያ የምትፈልቅ ናት። ያን ቃል ያገኘችው ግን ፊደል ከቆጠረች ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት ገበሬ ናት።

የሰዎቹንና የቀበሌውን ስም አንጽፍም። ነገሩ በማናችንም ቀበሌ ሊደርስ የሚችል ነውና።

ተማሪዋ ምን ልትሠራ መጣች?

አምና በጥቅምት ወር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁስቋም ቆመን ጠበቅናት። ቁስቋምን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ተራራ ነው። ከተሠራ ወደ 300 ዓመት ይጠጋዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ እንደገና ተሠራ። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግንብ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ተማሪዋ መጣች። በአንድ እጇ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። በሌላው ደብተር ይዛለች። ትከሻዋ ላይ ገመድ ጠምጥማለች።

«ውሃ ልትቀጂ ነው ወይስ ልትማሪ?» አልናት።

ሳቀች። «ሁለቱንም» አለችን።

ይህች ልጅ በከፍተኛ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ትማራለች። ለሁለት ወር ግን ከክፍል ወጥታ፣ የአካባቢ ጥናት ከሚሠራ አንድ አማካሪ ድርጅት ጋር እንድትሠራ ተመድባለች። ይህ የሥራ ልምምድ ይባላል። የሸማኔ ልጅ ሽመናን በወሬ አይለምድም። ከአባቱ ጎን ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን በእጁ ይዞ ነው የሚለምደው። ክሩም ይበጠስበታል። መልሶ ይቀጥላል። የተማሪም ነገር እንደዚሁ ነው። በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ሲሠራው ነው የሚገባው።

አማካሪ ድርጅትስ ምንድነው? ፋብሪካ፣ መንገድ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት፣ ሥራው በመሬቱ፣ በውሃውና በሰዉ ላይ ምን ያመጣል ብሎ የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን ነው። ጥናቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይባላል። እንዲህ ያለ ጥናት በሕግ የግድ መሆን የጀመረው በአሜሪካ በ1962 ዓ.ም. ነው። በኋላ ብዙ አገሮች ተከተሉ። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጥናቱን የሚያስጠናው ሥራውን ሊከፍት የፈለገው ወገን ነው። ወጪውንም የሚችለው እሱ ነው። አጥኚው አጥንቶ ይጽፋል። ይሁን ወይም አይሁን ብሎ የሚወስነው ደግሞ የመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚሠፍረው ቃል ትልቅ ነገር ነው። ወሳኙ ክፍል በአብዛኛው የሚያየው ወረቀቱን ነውና።

እኛ የሄድንበት ጥናት ስለ ድንጋይ ካባ ነበር። ከምንጯ በላይ ባለው ኮረብታ ካባ ሊከፈት ታስቧል። ድንጋዩ ይፈለጣል፣ በማሽን ይፈጫል፣ ጠጠር ይሆናል። ጠጠር ያስፈልጋል፤ ያለ ጠጠር መንገድም ትምህርት ቤትም አይሠራም። ለሥራ ፈላጊ ወጣቶችም እንጀራ ነው። ነገር ግን ካባው ከምንጭ በላይ ነው። ከምንጩ በታች ደግሞ 60 ቤት አባወራ አለ።

ከዛፍ ሥርና ከራቁት መሬት

መንገድ ከመጀመራችን በፊት ተማሪዋ አንድ ነገር አሳየችን። በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ዳር፣ ከጽድ ዛፍ ሥር፣ አንድ ሊትር ውሃ መሬት ላይ አፈሰሰች። አፈሩ ለስላሳ ነው። የወደቀ ቅጠል ለብሷል። ውሃውን ወዲያው ጠጣው።

ጥቂት ሄደን ከራቁት ዳገት ላይ ደረስን። እዚያም አንድ ሊትር አፈሰሰች። ውሃው አልሰረገም። አፈሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። እግራችን ሥር የደረሰው ውሃ የጭቃ መልክ ነበረው።

«አያችሁ?» አለች። «ዝናብም እንዲህ ነው። ዛፍ ባለበት ይሰርግና በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዛፍ በሌለበት አፈሩን ይዞ ይሄዳል።»

እውነቷን ነው። ለጎንደር ከተማ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። ከዳገቱ የሚታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ደለል በተኛበት ቦታ ውሃ አይጠራቀምም። የገበሬው አፈር ሲሄድ የከተማውም ውሃ አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚያ ገመዷን ፈታች። ገመዱ 10 ሜትር ነው። ከመሐሉ ትንሽ ውሃ ልክ ተንጠልጥላለች። ግንበኛ የሚይዛት ዓይነት ናት። ጫፍና ጫፉን በሁለት እንጨት ላይ አሥረን ያዝንላት። የውሃ ልኳ አረፋ መሐል ላይ እስክትቆም ድረስ ገመዱን ከፍና ዝቅ አደረግን። ዳገቱ በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር ዝቅ ይላል። «መቶኛው 20 ነው» ብላ ጻፈች። እንዲህ ባለ ዳገት ላይ የካባ ትርፍራፊ ቢከመር፣ ክረምት ሲገባ የሚወርደው ወደ ምንጯ ነው።

ምንጯ ስትለካ

ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ምንጯ ዘንድ ደረስን። ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ተማሪዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደራችሁ? አንዴ ውሃውን ልለካ ብትፈቅዱልኝ?»

«ለኪ ልጄ፣ ምን ገዶን» አሏት አንዲት አሮጊት።

የውሃ አለካክ ከባድ ነገር አይደለም። ማናችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከምንጩ አፍ ሥር ይደረጋል። በሰዓት ይታያል። ስንት ደቂቃ ውስጥ ሞላ? ሦስት ጊዜ ይለካል። አንዴ ብቻ የተለካ ነገር ያሳስታልና። ሦስቱ ይደመርና ለሦስት ይካፈላል።

የተማሪዋ ልክ ይህ ሆነ፤ ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ ይሞላል። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

በ2 ደቂቃ 20 ሊትር ከሆነ፣ በ1 ደቂቃ 10 ሊትር ነው።
በ1 ሰዓት፣ 10 ጊዜ 60፣ ማለት 600 ሊትር ነው።
በቀንና በሌሊት፣ 600 ጊዜ 24፣ ማለት 14,400 ሊትር ነው።

60 አባወራ በአማካይ አምስት አምስት ቢሆን 300 ሰው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፣ 300 ጊዜ 20፣ ማለት 6,000 ሊትር ይፈለጋል። እንግዲህ 8,400 ሊትር ይተርፋል።

ካባው ደግሞ አቧራውን ለማብረድ በቀን 4,000 ሊትር ከዚህችው ምንጭ ሊወስድ አስቧል። ከ8,400 ላይ 4,000 ቢነሣ አሁንም 4,400 ይቀራል። በወረቀት ሲታይ ሁሉም ልክ ነው። ምንም ችግር የለም።

ተማሪዋ ከዚህ በኋላ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ጠርሙሱ በላብራቶሪ ውስጥ በእንፋሎት የጸዳ ነው። አፉን በጣቷ ሳትነካ ውሃ ሞላችበት። በረዶ ባለበት ሣጥን አስቀመጠችው። በስድስት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት አለችን። ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በውስጡ ያሉት ጀርሞች ሊበዙ ወይም ሊሞቱ ስለሚችሉ ውጤቱ አይታመንም።

«ምነው ልጄ፣ ውሃችን እንደ መስታወት የጠራ ነው እኮ» አሉ አሮጊቷ።

ጥሩ ነገር ተናገሩ። ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ጀርም በዓይን አይታይም። ላብራቶሪው ኮሊፎርም የሚባለውን የጀርም ወገን ይፈልጋል። ይህ ጀርም በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል። የአንጀት ኮሊፎርም ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ወይም ፋንድያ ገብቶበታል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሊጠጣ በተዘጋጀ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ይላል። የዚህች ምንጭ ውሃ ሲመረመር ግን ተገኝቶበታል። ከብቶቹ ከሰዉ ጋር ከአንድ አፍ ስለሚጠጡ ነው።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ምንጩን ማጠር፣ ለከብቱ ከታች በኩል ለብቻው ገንዳ መሥራት፣ መጸዳጃ ቤትን ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር አርቆና ከምንጩ በታች አድርጎ መቆፈር ነው። እስከዚያው ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ነው። እንደኛ ባለ ደጋ አገር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

አሮጊቷ የተናገሩት

ተማሪዋ ዕቃዋን ሰብስባ ልትሄድ ስትል አሮጊቷ ጠሯት።

«ለካሽ?»

«አዎ እማማ፣ ለካሁ።»

«የጥቅምቱን ለካሽ። የሚያዝያውንስ?»

ተማሪዋ ዝም አለች።

«ልጄ፣ አሁን ክረምት ገና መውጣቱ ነው። ምድሪቱ ጠግባለች። በሚያዝያ ብትመጪ እኛ እዚህ ተኝተን ነው የምታገኝን። ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥተን ጀሪካን እንደረድራለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ፤ እኛ ነን።»

ተማሪዋ እርሳሷን አወጣች። ግን የሚሞላው ፎርም ለውሃው መጠን አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነበረው። በዚያ ላይ ቀድሞ «10 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ የአሮጊቷን ነገር በራሷ ደብተር ዳር ላይ ጻፈችው። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ለአለቃሽ ንገሪው እንጂ» አልናት።

«እኔ ተማሪ ነኝ» አለች። «የመጣሁት ልማር ነው። ማን ይሰማኛል?»

እኛም ይህን ስንሰማ፣ እናንተ ብዙ ጊዜ በየስብሰባው የምትሉት ትዝ አለን። «እኛ ገበሬ ነን፣ ማን ይሰማናል?» ትላላችሁ። ቃሉ አንድ ነው።

መጠየቅ የቆየ ጥበብ ነው

ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ሕዝብ መሐል ማስገባት ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ፣ ክፉ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ሐኪም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥትን የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል። ያ ኮሌጅ አድጎ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ሳኒታሪያን ማለት ምንጭን፣ መጸዳጃ ቤትንና ቆሻሻን የሚመለከት ባለሙያ ነው። ሦስቱ እንደ ሦስት ጉልቻ ነበሩ። ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። እዚያም በሽተኛ ያያሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ። በሽታ ከሐኪም ቤት እንደማይነሣ ያውቃሉ። የሚነሣው ከሰዉ መንደር ነው።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ ገባ። በአንድ ሰፈር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ዘመን ብዙ አዋቂዎች በሽታው ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። «የሞተባችሁ ሰው ውሃ የሚጠጣው ከየት ነበር?» አለ። ብዙዎቹ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ይቀዱ እንደነበር አገኘ። ለባለሥልጣኖች ተናገረ። የፓምፑም እጀታ ተነቀለ።

ስኖው ያን ዕውቀት ከየት አገኘው? ውሃ ከሚቀዱት ሰዎች ነው። እነሱ ግን ማወቃቸውን አያውቁም ነበር። የሚጠይቃቸውና የሚጽፍላቸው ሰው ነበር የጠፋው።

በወይራው ጥላ ሥር

በኅዳር ወር አጋማሽ የቀበሌው ሕዝብ ተሰበሰበ። የጥናቱ ረቂቅ ሊነገር ነው። እኛም ሄድን። ተማሪዋም ከኋላ ቆማለች። የድርጅቱ ባለሙያ ትሑት ሰው ነው። ስለ ካባው፣ ስለ አቧራው፣ ስለሚቀጠሩት ወጣቶች በደንብ አስረዳ። ከዚያ ረቂቁን ለሕዝቡ አደለ። ብዙ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከሴቶቹ መሐል ግን አንዲቱ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የ40 ዓመት ገደማ ሴት ናት። ከማታው ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ባለሙያው ሌላ ገጽ ላይ ደርሷል። እሷ ገና አንድ መስመር ላይ ናት። ድንገት ጣቷ ቆመ። እጇን አነሣች።

«ይቅርታ ያርጉልኝ ጌታዬ። እኔ ማንበብ ገና መልመዴ ነው። እንዳልሳሳት ይስሙኝ።» ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ምን...ጩ... ዓመቱን... ሙሉ... በደቂቃ... 10 ሊትር... ይሰጣል።»

«ልክ አንብበሻል እትዬ» አላት ባለሙያው።

«እንግዲያው የተሳሳትሁ እኔ አይደለሁም» አለች። «ወረቀቱ ነው።»

ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ሁሉም ገባው።

«ዓመቱን ሙሉ የሚል ማን ነው? እናቴ ይቺን ምንጭ 60 ዓመት ቀድታለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ ቀድቻለሁ። በሚያዝያ እንኳን ለካባ፣ ለልጆቻችን አይበቃም። ይህ ቃል እንደተጻፈ ቢሄድ፣ በላይ ያለው ሹም ምን ያውቃል? ውሃ ተርፏቸዋል ብሎ ያምናል።»

ባለሙያው ጥቂት አሰበ። «ይህን ስትናገሩ መጀመሪያ መስማቴ ነው» አለ። «የተጻፈ ማስረጃ ግን የለንም።»

ያኔ ከኋላ ድምፅ ተሰማ። «አለ» አለች ተማሪዋ። ደብተሯን ከፍ አድርጋለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። «በጥቅምት ነግረውኝ ጽፌዋለሁ። ፎርሙ ላይ ቦታ ስላልነበረው ሳልናገር ቀረሁ። ጥፋቱ የኔም ነው።»

ጥቅምት የተጻፈውን አነበበችው። ቀኑ አለ። ቦታው አለ። የአሮጊቷ ቃል አለ። አሮጊቷም ከተቀመጡበት «ይኸው! እኔ ነኝ ያልሁት!» አሉ።

አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ያን ዕለት በዓይናችን አየነው። ሴትዮዋ ባታነብ ኖሮ ደብተሩ ተዘግቶ ይቀር ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ደግሞ የሴትዮዋ ቃል እንደ ወሬ ይቆጠር ነበር።

የሚያዝያው ውሃ

ባለሙያው ጥሩ ነገር አደረገ። አልተቆጣም። «ጥናቱ ሳይታረም አይሄድም» ብሎ ቃል ገባ። «በሚያዝያ እንደገና እንለካለን» አለ። ልጅቱ የልምምድ ጊዜዋ አልቆ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። በሚያዝያ ግን ፈቃድ ጠይቃ መጣች። እኛንም ይዛን ሄደች።

ገና ሳይነጋ ደረስን። አሮጊቷ እንዳሉት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጀሪካናቸው አጠገብ ተኝተዋል። ልጅቱ ያንኑ ጀሪካን ከምንጩ አፍ ሥር አደረገች። ሰዓቷን አየች። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። 2 ደቂቃ አለፈ። 4 ደቂቃ አለፈ። ጀሪካኑ የሞላው በ8 ደቂቃ ነው።

እንደገና አብረን እናስላ።

በ8 ደቂቃ 20 ሊትር ከሆነ፣ በ1 ደቂቃ ሁለት ሊትር ተኩል ነው።
በ1 ሰዓት 150 ሊትር ነው።
በቀንና በሌሊት 3,600 ሊትር ነው።

ለ300 ሰው 6,000 ሊትር ይፈለጋል ብለን ነበር። አሁን 2,400 ሊትር ይጎድላል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 12 ሊትር ብቻ ነው። ይህም የበሬውንና የላሚቱን ሳንቆጥር ነው። ካባው በቀን 4,000 ሊትር ሊወስድ አስቦ ነበር። ምንጯ ደግሞ ያላት 3,600 ነው። እንግዲህ ካባው ብቻውን ጨርሷት የሚጠማ ነበር።

የታረመው ጥናት እንዲህ ይላል። ካባው ከምንጯ አንድ ጠብታ እንዳይወስድ፤ ለአቧራው የሚሆነውን ውሃ በቦቴ መኪና ከሌላ ቦታ እንዲያመጣ። ድንጋይ ሲፈነዳ የምንጩ የውስጥ መንገድ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ቁፋሮው ከኮረብታው በስተጀርባ እንዲሆን። ከምንጯ በላይ ያለው ዳገት ታጥሮ ዛፍ እንዲተከልበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ይህን ስንጽፍ ገና አልመጣም። ወረቀቱ ግን አሁን እውነቱን ይናገራል።

ልጅቱን «ከልምምድሽ ምን ተማርሽ?» አልናት።

«ውሃ መለካት ድሮም አውቅ ነበር» አለች። «አንድ ቀን የተለካ ውሃ የአንድ ቀን ውሃ መሆኑን ግን እዚህ ተማርሁ። የሰማሁትንም ዝም ማለት እንደማይገባኝ ተማርሁ።»

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ሕዝቡን የሚነካ የአካባቢ ሥራ ሲታቀድና ሲሠራም ሕዝቡ ሐሳቡን መስጠት እንዳለበት ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ ጥናቱ ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ የሕዝቡም አስተያየት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚነካቸው ሰዎች ቃል፣ በጥናቱ ውስጥ እንዲገባ ደነገገ። ስለዚህ መናገር ድፍረት አይደለም።

አጥኚ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ እነዚህን አስታውሱ።

አንደኛ፣ ጥናቱ የምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስጠናውና ለማን እንደሚቀርብ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃ ሲጠየቅ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ይናገሩ። ስለ ግጦሽ ሲጠየቅ እረኞቹ ይናገሩ።

ሦስተኛ፣ የለካው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቁ። የክረምቱንም የበጋውንም ንገሩት። ሲጽፍ እዩ።

አራተኛ፣ ረቂቁን አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። ቢያስቸግራችሁም ተቀምጣችሁ አንብቡ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንብቡ። «ሁሉም»፣ «ምንም»፣ «ዓመቱን ሙሉ» የሚሉ ቃላት ላይ ጣታችሁን አቁሙ።

አምስተኛ፣ እናንተም ለኩ፣ ጻፉ። አንድ ጀሪካን፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል። በየወሩ አንድ ቀን ምንጫችሁን ብትለኩ፣ በዓመቱ የማንም ባለሙያ የሌለው ማስረጃ በእጃችሁ ይኖራል።

ያቺ ሴት ዛሬ ይህን እያደረገች ነው። ባለፈው ስናገኛት ደብተሯን አሳየችን። ፊደሏ ትልልቅ ነው። መስመሩን ይስታል። ግን ይነበባል። «ሚያዝያ፣ 8 ደቂቃ። ግንቦት፣ 9 ደቂቃ» ይላል። ከሥሩ ለሰኔ ባዶ መስመር ትታለታለች።

የቃላት ፍች

የሥራ ልምምድ፦ ተማሪ ከባለሙያ ጋር እየሠራ የሚማርበት ጊዜ።
ካባ፦ ድንጋይ ተፈልጦ የሚወጣበት ቦታ።
ደለል፦ ጎርፍ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር።
ረቂቅ፦ ገና ያልጸደቀ፣ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ።
ተጽዕኖ፦ አንድ ሥራ በሌላው ላይ የሚያመጣው ለውጥ።
ቦቴ፦ ውሃ ወይም ነዳጅ የሚጭን መኪና።

ለውይይት

1. ተማሪዋ በጥቅምት የሰማችውን ለምን አልተናገረችም? እናንተስ እንዲህ ሆኖባችሁ ያውቃል?
2. የእናንተ ምንጭ ጀሪካኑን በስንት ደቂቃ ይሞላል? ለክታችሁ ጻፉ።
3. አንድ ምንጭ 20 ሊትር በ4 ደቂቃ ቢሰጥ፣ በቀንና በሌሊት ስንት ሊትር ይሰጣል? ለስንት ሰው ይበቃል?